ባለ 6 ሜትር ኩብ «ስንዱ» ባዮጋዝ፦ ከብሩ በፊት እበቱን ይቁጠሩ

ስንዱ ባዮጋዝ መሬት ውስጥ የሚገነባ፣ ጣሪያው ጉልላት የሆነ ማብላያ ነው፤ እበትና ውሃ ይገባበታል፣ ለማብሰያ የሚሆን ጋዝ ይወጣዋል። ይህን ለማስገንባት የሚያስብ ቤተሰብ ከብሩ በፊት መቁጠር ያለበት እበቱን ነው። ሥራ አቁመው የሚገኙ ማብላያዎች ብዙ ጊዜ የቆሙት ግንባቸው ፈርሶ ሳይሆን ተርበው ነው። ግንቡ በደንብ ከተሠራ ዓመታት ይቆያል። በውስጡ ያለው ሕይወት ግን በየቀኑ መመገብ ይፈልጋል፤ ከብት ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሞዴሉ የመጣው ከኔፓል ነው። እዚያ «ጂጂሲ 2047» የሚባለው ማብላያ ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተሻሽሎ «ስንዱ» ተባለ፤ ስሙም ያምርበታል። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንዱ የልማት ድርጅት ኤስ ኤን ቪ እገዛ ሲጀመር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ያስፋፋው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያበቃ ከ8,000 በላይ ማብላያ ተገንብቶ ነበር። መጠኑ ባለ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሜትር ኩብ ነው። እዚህ የሚገመገመው ለአንድ ቤተሰብ በብዛት የሚመረጠው ባለ 6 ነው።

ጋዙ ከየት ይመጣል የሚለውን ሳያውቁ ስለ ዕቃው መፍረድ አይቻልም። መሬት ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ሣር ወደ ምግብነት የሚለውጠው አንድ በመቶ ቢሞላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ላሟ ያንን ሣር ወይም ገለባውን ስትበላ ከፊሉን ትፈጫለች፤ ከፈጨችውም አብዛኛው ሰውነቷን ለማሞቅና ለመንቀሳቀስ ይውላል። ወደ ሥጋና ወተት የሚገባው ጥቂት ነው። በምግብ ሰንሰለት ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው ኃይል በአማካይ አሥር በመቶ ያህል ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። የቀረው ዘጠና ግን ሁሉም ሙቀት ሆኖ አልጠፋም። ገለባ የበላች ላም ከምግቧ ኃይል ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን ሳትፈጨው በእበቷ ትጥለዋለች። የፀሐይ ኃይል ገና እበቱ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ቢቀር ጢንዚዛ፣ ምስጥ፣ ፈንገስና ባክቴሪያ ይካፈሉታል። በሥነ ምህዳር አብስባሾች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ማብላያው የሚያደርገው ያንን ማዕድ አየር ወደማይገባበት ክፍል አምጥቶ፣ ያለ አየር የሚኖሩት ብቻ እንዲበሉት ማድረግ ነው። እነሱ ሲበሉ ከሚያስወጡት መካከል ሚቴን አለ፤ የሚነደው እሱ ነው።

በውስጡ የሚሠሩት ተራ በተራ ነው። መጀመሪያ ጠንካራውን ነገር የሚያሟሟ ባክቴሪያ አለ። ቀጥሎ የሟሟውን ወደ አሲድ የሚለውጥ፣ በመጨረሻ አሲዱን በልተው ሚቴን የሚያወጡት ይመጣሉ። ሊጥ አብኩቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፦ ሲበዛ ይኮመጥጣል፣ ሲበርድ ይዘገያል፣ ያለ እርሾም ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል። ልዩነቱ አሲድ ሠሪዎቹ ፈጣን፣ ሚቴን ሠሪዎቹ ደግሞ ዝግተኛ መሆናቸው ነው፤ ቁጥራቸው እጥፍ ለመሆን ቀናት ይፈጅባቸዋል። ከዚህ በታች የሚነሱት ብልሽቶች ግማሽ ያህሉ ከዚህ የፍጥነት ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለባለ 6ቱ የሚስማማው ዕለታዊ ቀለብ ወደ 40 ኪሎ ትኩስ እበትና 40 ሊትር ውሃ ነው። ድብልቁ 80 ሊትር ይሆናል፤ ለጋዙ ከሚተወው ቦታ ውጪ ዝቃጩን የሚይዘው ክፍል ወደ 4 ሜትር ኩብ ስለሆነ የዛሬው እበት 50 ቀን ገደማ ውስጥ ይቆያል። በወይና ደጋ ሙቀት አንድ ኪሎ ትኩስ እበት ከ30 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ስለሚሰጥ ከ40 ኪሎ 1.4 ሜትር ኩብ ያህል ይገኛል። ተራ ባለ አንድ ዓይን የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ስለሚጨርስ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ይነዳል። ለቁርስ፣ ለሽሮና ለጎመን፣ ለባቄላ ንፍሮ፣ ለሦስት ጊዜ ቡና በቂ ነው።

ከኩበት ጋር ማነጻጸሩ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። 40 ኪሎ ትኩስ እበት ሲደርቅ 6.5 ኪሎ ያህል ይሆናል። የደረቀው በኪሎ 15 ሜጋ ጁል ገደማ ስለሚይዝ በድምሩ ወደ 100 ሜጋ ጁል ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ ድስቱን የሚያሞቀው አሥር በመቶው ቢሆን ነው፤ ስለዚህ የሚጠቅመን 10 ሜጋ ጁል ነው። በማብላያው ካለፈ ግን ከ100ው ውስጥ ጋዝ የሚሆነው 30 ያህሉ ብቻ ነው። ኪሳራ ይመስላል። የጋዝ ምድጃ ግን ከሚያነደው ከግማሽ በላዩን ለድስቱ ስለሚያደርስ 16 ሜጋ ጁል ያህል እናገኛለን። ከዚያው እበት፣ ያለ ጭስ፣ የሚበልጥ ሙቀት ተገኘ፤ 70ው ደግሞ በዝቃጩ ውስጥ ቀርቶ ለማሳ ይወጣል።

ይህ 70 የቀረበት ዝቃጭ የዕቃው ትልቁ ጥቅም ነው፤ ሻጮችም ሆኑ ገዢዎች ስለሱ የሚያወሩት ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል። ኃይልና ንጥረ ነገር በአንድ መንገድ አይሄዱም። ኃይል ከፀሐይ ገብቶ፣ ከእርከን እርከን እየሳሳ፣ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ አይመለስም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ግን ከአፈር ወጥተው ወደ አፈር ካልተመለሱ ማሳው ይራቆታል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ የሚተርፈው ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ነው። ባዮጋዝ ግን ካርቦንና ሃይድሮጅን እንጂ ናይትሮጅኑን አይነካም ማለት ይቻላል። በደረቁ መዝነን 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ብንይዝ ከቀኑ 6.5 ኪሎ 100 ግራም ያህል፣ በዓመት ወደ 36 ኪሎ ይሆናል። 46 በመቶ ናይትሮጅን ባለው ዩሪያ ቢተመን ወደ 80 ኪሎ ዩሪያ ነው። የማዳበሪያን ዋጋ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ቁጥር ሁለቴ ያነበዋል።

ሁሉም ማሳ ይደርሳል ማለት ግን አይደለም። በዝቃጩ ውስጥ ናይትሮጅኑ በከፊል አሞንያ ስለሚሆን ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ዝቃጭ አሞንያውን ለነፋስ ይሰጣል። ስለዚህ ከመውጫው አጠገብ ቢያንስ ሁለት ጉድጓድ ይቆፈራል። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይከፈታል፤ በላያቸው ጥላ ይሠራል፣ ዝቃጩም ከገለባ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር እየተነባበረ ይበሰብሳል። ከግንቡ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ጥላ ነው፤ እንዳይቀር ይከራከሩ።

ወደ እበቱ ቆጠራ እንመለስ። ሙሉ ቀን በረት የሚውል ያገር ከብት በቀን 10 ኪሎ ያህል ይጥላል። ቀን ግጦሽ ሄዶ ሌሊት ብቻ የሚያድር ከሆነ ግን በረት ውስጥ የሚገኘው ግማሹ ነው። አራት ከብት አለኝ የሚል ሰው የሚያገኘው 20 ኪሎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለባለ 4ቱ እንጂ ለባለ 6ቱ አይበቃም። «ትልቁ ይሻለኛል» ብሎ ባለ 10 አስገንብቶ ለባለ 4 የሚሆን ቀለብ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። ጋዙ በትልቁ ጉልላት ስር ስለሚሰራጭ ግፊቱ ይደክማል፤ ነበልባሉም ሽሮ እንኳ አያፈላም። ለአንድ ሳምንት እበቱን በባልዲ ይመዝኑ። ከክረምቱ ይልቅ በበጋው መጨረሻ፣ ከብቱ በከሳበት ወር ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ የተገኘውን አነስተኛ ቁጥር ይዘው መጠኑን ይወስኑ።

ውሃውም እንደዚሁ ነው። 40 ሊትር ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ነው፤ በየቀኑ፣ ዓመቱን ሙሉ። ምንጩ ከግማሽ ሰዓት መንገድ በላይ ከሆነ ይህን ዕቃ አንመክርም፤ ጀሪካኑን የሚሸከሙት ሴቶችና ልጆች ናቸውና ከእንጨት ለቀማ የዳነው ጉልበት ውሃ ቅጃ ላይ ያልቃል። የበረቱ ወለል ዘንበል ብሎ ተሠርቶ ሽንቱ ወደ መግቢያው እንዲፈስ ከተደረገ ከውሃው የተወሰነውን ይተካል፤ ናይትሮጅንም ይጨምራል።

የጠዋቱ ሥራ ይህን ይመስላል። እበቱ በመግቢያው ገንዳ ውስጥ ይጣላል፤ የገንዳው ቀዳዳ በውታፍ ተዘግቷል። እኩል ውሃ ይጨመርና በማማሰያው እጀታ ወይም በእጅ ይታሻል። ጣት መሃል የሚቀረው ገለባ፣ ጭራሮና ጠጠር እየተለቀመ ይወጣል። ሲጨርስ ልክ ለእንጀራ እንደተዘጋጀ ሊጥ፣ ከእጅ ላይ ሳይቆራረጥ የሚወርድ መሆን አለበት። ጥቂት ደቂቃ ቆም ሲል አሸዋው ገንዳው ግርጌ ይዘቅጣል፤ ያኔ ውታፉ ተነስቶ ድብልቁ ይለቀቃል፣ አሸዋው ግን ተጠርጎ ይወጣል። ገለባውን ያልለቀመ ሰው ከወራት በኋላ ያገኘዋል፦ ገለባው ላይ ተንሳፍፎ እንደ ጣሪያ ይጋገርና ጋዙን አላሳልፍ ይላል። አሸዋውን የለቀቀም ጉድጓዱን በየዓመቱ ያጠብበዋል።

የመጀመሪያው ሙሌት ከባድ ነው። ሁለት ቶን ገደማ እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ግንቡ ከመጠናቀቁ ሳምንታት በፊት ጀምሮ እበቱን በጥላ ስር እርጥብ እንደሆነ ማጠራቀም ይገባል። የደረቀ ኩበት አይሆንም። ጎረቤት የሚሠራ ማብላያ ካለው ከመውጫው ጥቂት ባልዲ ተውሶ መጨመር እርሾ እንደ መጣል ነው፤ ጅምሩን በእጅጉ ያፈጥነዋል። የመጀመሪያው ጋዝ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ግን አይነድም። «ተበላሸ» ብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። ያንን ጋዝ ከእሳት ርቆ ወደ ውጭ መልቀቅና እንደገና መጠበቅ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ሲነድ ማብላያው ጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያጋጥሙት ብልሽቶች የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ዋናው ኩምጣጤ ነው። ድግስ ደርሶ ወይም ሦስት ቀን ተረስቶ የቆየው በአንድ ጊዜ ሲለቀቅበት አሲድ ሠሪዎቹ ይፈጥናሉ፣ ሚቴን ሠሪዎቹ አይደርሱባቸውም። ጋዙ ይቀንሳል፣ የሚወጣውም መንደድ እምቢ ይላል፣ ከመውጫው የሚመጣው ዝቃጭ ጎምዛዛ ሽታ ይኖረዋል። መፍትሔው ለአንድ ሳምንት ያህል መጾም ነው፤ ቀለብ ማቆም። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ይጀመራል፣ የጎረቤት ዝቃጭ ቢጨመር ይረዳል። ጥቂት አመድ በውሃ በጥብጦ መጨመርም አሲዱን ያበርዳል፤ ሲበዛ ግን ራሱ ጉዳት ነው።

ሳሙና፣ በረኪናና የከብት መድኃኒት ደግሞ ሚቴን ሠሪዎቹን ይገድላሉ። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ወደ ገንዳው አይግባ። በፀረ ተህዋሲያን የታከመ ከብት እበት መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ለብቻው ይጣል። ሽንት ቤት ማገናኘት ይቻላል፤ ጋዙንም ትንሽ ይጨምራል፤ ታዲያ ሽንት ቤቱ በበረኪና መታጠብ የለበትም፣ ዝቃጩም በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ቲማቲም አይሁን። በዚህ ሙቀት የወስፋት እንቁላል በሙሉ አይሞትም።

ብርድ ሊታለፍ የማይችል ጉዳይ ነው። እነዚህ ነፍሳት የሚመቻቸው 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ20 በታች ሲወርድ ይቀዘቅዛሉ፣ 10 አካባቢ ሥራ ያቆማሉ ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ብርዳማ ደጋ ከላይ ያሰላነውን 1.4 ሜትር ኩብ መጠበቅ አይገባም። በዚያ ያለ ሰው ለዛፍ ጥላ ሳይሆን ፀሐይ ለሚመታው ቦታ ያስቆፍር። ጉልላቱ ላይ የሚመለሰው አፈር እንዳይሳሳ ያድርግ፤ በላዩም ገለባ ወይም የሚበሰብሰውን ክምር ያስቀምጥ፤ ብስባሹ ራሱ ይሞቃልና ብርድ ልብስ ይሆነዋል። የዛፍ ሥርም ግንቡን ይሰነጥቃል።

የቱቦው ነገር ቀላል ቢሆንም ሰው ያማርራል። ጋዙ ከጉድጓዱ ሲወጣ እርጥብ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ነበልባሉ ሲርገበገብና ቱቦው ሲንቆረቆር ከታችኛው ነጥብ ላይ ያለውን የውሃ ማስወጫ መክፈት ብቻ ነው። ቱቦው ወደዚያ ነጥብ ዘንበል ብሎ ካልተዘረጋ ግን ውሃው መሃል ላይ ይተኛል፤ ይህ የግንበኛው ስህተት ነውና አፈር ከመመለሱ በፊት ይታይ። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስት የሚያጠቁር ከሆነ የምድጃው የአየር ቀዳዳ ይስተካከል፤ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጥቂት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጋዙ ውስጥ ስላለ የነሐስ ቧንቧ መክፈቻዎች ቀስ በቀስ ይበላሉ፤ የላስቲኩ ቱቦም ይሰነጠቃል። እነዚህ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፤ በአቅራቢያ ከተማ መገኘታቸውን ሳያረጋግጡ ውል አይፈርሙ።

እንጀራ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ምጣድ ነው፤ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ደግሞ ሰፊውን ምጣድ እኩል አያሞቅም። መሃሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ለምጣድ ተብለው የተሠሩ ሰፋፊ የባዮጋዝ ምድጃዎች አሉ፤ ብዙ ጋዝ ስለሚፈልጉ ግን ለባለ 6ቱ ይከብዱታል። ስለዚህ ይህን መጠን የሚገዛ ቤተሰብ ለእንጀራ ቀኑ የተሻሻለ ምድጃ፣ ለምሳሌ ምርጥ ምድጃ፣ ይዞ ይቆይ። «ከእንግዲህ እንጨት አይገባም» የሚል ሻጭ ካለ ስለ ምጣዱ ይጠይቁት። የባዮጋዝ መብራቱንም አንመክርም። ብርሃን የሚሰጠው ስስ መረብ (ሻማው) ቶሎ ይሰበራል፣ ለወጥ የሚሆነውን ጋዝ ይጨርሳል፤ ትንሽ የሶላር መብራት ይሻላል።

በፕላስቲክ ከረጢት የሚሠራው ርካሹ ማብላያ ተወዳዳሪ ነው፤ በአንድ ቀን ይዘረጋል፣ ለቆላም ይስማማል። ነገር ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አይጥ ይበሳዋል፣ ከብት ይረግጠዋል። በራሱ መሬት ላይ ለሚኖርና በረቱ ለማይነቀል ሰው ግንቡ ይሻላል። ከብቱን ይዞ ለሚንቀሳቀስ ግን ግንብ ምን ያደርግለታል?

የሚያፈስ ማብላያ መኖሩ ጨርሶ ካለመኖሩ ይብሳል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል፤ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስም በእሳት ይፈነዳል። ስለዚህ የተረፈ ጋዝ ዝም ብሎ አይለቀቅ፤ ይንደድ። ለጥገና ወደ ጉድጓዱ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይገባ፤ ባዶ የሚመስለው ጉድጓድ ራስን አስቶ ይጥላል።

ግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ ከመቀበሉ በፊት አንድ ሌሊት ይጠብቅ። ማታ ሁሉም ምድጃ ተዘግቶ በኩሽናው የግፊት መለኪያ ላይ ያለው ቁጥር ይመዝገብ። ጋዝ ሌሊቱን ስለሚመረት ጠዋት ላይ ቢያንስ እኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ከወረደ ፍሳሽ አለ። በሚቀጥለው ማታ በጉልላቱ ራስ ላይ ያለው ዋና መዝጊያ ይዘጋ። መለኪያው አሁንም ከወረደ የሚያፈሰው ቱቦው ነው፤ ካልወረደ ጉልላቱ ነውና ልስኑና ቀለሙ እንደገና ይሠራ። ቱቦው ከሆነ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀባ፤ በክብሪት በፍጹም አይፈተሽ። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ተፈትቶ በክር ማሸጊያ ተጠቅልሎ ይጥበቅና እንደገና አረፋ ይቀባ።